የተጣመመ ራጅ ኮምፒውተር አያቃናውም፦ አቀማመጥን ላቃለለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ራጅ ምርመራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰዉ ሲቀባበለው ነበር። እኔም ጋ ደርሷል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ዲጂታል ራጅ ከመጣ ወዲህ በሽተኛውን እንዲህ ቁም፣ እንዲያ ዙር ማለት የፊልም ዘመን ልማድ ነው፤ የጎደለውን ኮምፒውተር ይሞላዋል። አንድ ምስል ይበቃል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፣ ጨረርም ይጨምራል። የታመመ ሰው ባለበት ይነሳ እንጂ አይገላበጥ። ለበሽተኛው ሌድ አፕሮን፣ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ፣ የማያለብስ ክፍል ቸልተኛ ነው። ወደ እንስሳት ሕክምናም ይሻገርና፣ ውሻውንም ፈረሱንም ማረጋጊያ መርፌ ከመውጋት ባለቤቱ በእጁ ይዞ ቢያስነሳው ይሻላል ይላል። ወደፊት ምስሉን የሚያነበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል ብሎም ይተነብያል። በመጨረሻ አንባቢውን «እንደገና እናንሳ» ከተባልክ እምቢ በል ብሎ ይመክራል።

እኔ የምሠራው ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ጸሐፊው ለበሽተኛ አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። እውነት ያለባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ስደርስባቸው እናገራለሁ። ግን ይህን ምክር አምኖ የሚመጣ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኮምፒውተር ያስተካክለዋል ከሚለው ልነሳ። ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ነገር በእርግጥ አለ። ምስሉ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ከወጣ ያስማማዋል። በፊልም ጊዜ ይህ አይታሰብም ነበር። ፊልሙ ከጠቆረ ጠቆረ ነው፣ ይጣላል። በዚህ በኩል ዲጂታል ትልቅ እፎይታ ሰጥቶናል። አካሉ እንዴት እንደቆመ ግን ከተነሳ በኋላ ማንም ሊቀይረው አይችልም።

ምክንያቱም ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ይነሳል፣ እየሰፋ ይሄዳል፣ አካሉን አልፎ ከኋላ ያለው ዲቴክተር፣ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ላይ ያርፋል። በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ይጥለዋል። መብራት በጠፋበት ማታ እጃችሁን ሻማው አጠገብ ብትይዙት ጥላው ግድግዳውን ይሞላል። ወደ ግድግዳው ብታስጠጉት ጥላው እጃችሁን ያክላል። የራጅም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህ የደረት ራጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ልብ ያለው ወደ ፊት፣ ወደ ደረት አጥንቱ ተጠግቶ ነው። ሰውየው ደረቱን ዲቴክተሩ ላይ ለጥፎ ሲቆምና ጨረሩ ከጀርባው ሲመጣ ልቡ ለዲቴክተሩ ቅርብ ነው። ጥላው ከእውነተኛው መጠን ብዙ አይርቅም። መሣሪያውንም 180 ሴንቲ ሜትር ያህል እናርቀዋለን። ያው ሰው በጀርባው ተኝቶ ጨረሩ ከፊት፣ ከአንድ ሜትር ገደማ ሲመጣበት ግን ልቡ ገዝፎ ይወጣል። ሐኪሞች የልብ ስፋት ከደረት ስፋት ከግማሽ እንዳይበልጥ የሚለኩት ቆሞ በተነሳው ምስል ነው። ተኝቶ በተነሳ ምስል «ልብህ አድጓል» የተባለ ሰው ቆሞ ሲነሳ ልቡ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እስከዚያው ግን ቤተሰቡ በሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ይከርማል።

ሰውነት ትንሽ ዞር ሲል ደግሞ አንዱ ሳንባ ይጠቁራል፣ ሌላው ይነጣል። በሽታ ይመስላል። ስለዚህ ምስሉ እንደወጣ መጀመሪያ የማየው ሳንባውን አይደለም። ክላቪክል የምንላቸውን፣ ከአንገት በታች ግራና ቀኝ የተጋደሙትን አጥንቶች ነው። የውስጥ ጫፎቻቸው ከአከርካሪው መሐል እኩል ከራቁ ሰውየው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ቀጥዬ የጎድን አጥንት እቆጥራለሁ። ከኋላ በኩል ዘጠኝ ወይም ዐሥር ከድያፍራሙ፣ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ በላይ ከታዩ ትንፋሹን በደንብ ስቧል። ስድስት ሰባት ብቻ ከሆኑ ሳንባው አልተነፋም። ታችኛው ክፍል ተጨማድዶ ነጣ ይልና የሳንባ ምች ይመስላል። «እማማ፣ አገጭዎን ከፍ ያድርጉልኝ፤ ትከሻዎን ወደ ፊት ገፋ፤ አሁን ትንፋሽ ሳብ አድርገው ይያዙ» የምንለው ለዚህ ነው። ትከሻው ወደ ፊት ሲገፋ ሰፊዎቹ የትከሻ አጥንቶች ከሳንባው ላይ ገለል ይላሉ። ጊዜ ካለ ከማንሳታችን በፊት አንዴ እናለማምዳለን። ሰዉ ማሽን ፊት ሲቆም ይደነግጣልና። ያልተነፋ ሳንባን ነፍቶ የሚያሳይ ሶፍትዌር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች በጤና ምርመራቸው የደረት ራጅ ይነሳሉ። አንዲት ልጅ ሌላ ቦታ የተነሳችውን ራጅ ይዛ መጣች። በቀኙ ሳንባ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ሰረዝ ሰረዝ ነገር አለ። የሳንባ ጫፍ ቲቢ የሚወደው ቦታ ነው። ልጅቷ ደንግጣለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብዬ ሳያት ሹሩባ ተሠርታለች። ጉንጉኑ አንገቷን አልፎ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ፀጉሯን ሰብስባ አናቷ ላይ በሻሽ አሰረችው። አቆምናት፣ አነሳናት። ሳንባዋ ጥርት ያለ ነው። ያ ሰረዝ የፀጉር ጥላ ነበር። ይህ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነገር ነው፤ ጥብቅ ብሎ የተጎነጎነ ፀጉር ራጅ ላይ ይወጣል። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ፀጉርሽን ከፍ አድርጊው» ቢላት ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ አይመጣም ነበር።

ማተብና መስቀልም እንዲሁ። ክታብም ቢሆን። ማውለቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ ይህን አከብራለሁ። ክሩን ከፍ አድርጎ በጥርሱ ነከስ እንዲያደርገው እንጠይቃለን። ወደ ጀርባ ማዞር ግን ዋጋ የለውም። ጨረሩ በሙሉ አካሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ከፊት ያለውም ከኋላ ያለውም እኩል ይወጣል።

አሁን አንድ ምስል ይበቃል ወደሚለው ልሂድ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቋል። ሁለተኛ አቅጣጫ አለ፣ ድጋሚ አለ። ድጋሚ ማለት የመጀመሪያው ስለተበላሸ ያንኑ እንደገና ማንሳት ነው። ሁለተኛ አቅጣጫ ማለት ግን ከፊት የተነሳውን አካል በ90 ዲግሪ ከጎን ማንሳት ነው። ጥላ ርዝመትና ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም። የተሰበረ አጥንት ከፊት ሲታይ ቀጥ ብሎ፣ ከጎን ሲታይ ግን አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ትከሻን ውሰዱ። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ወይም የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው ትከሻው ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ከፊት በተነሳው ምስል አጥንቱ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል። ድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ በብዛት ከሚያመልጡ ውልቃቶች አንዱ ነው። በብብት በኩል ወይም ከጎን ሲነሳ ግን ይጋለጣል። በአንድ ምስል «ምንም የለብህም» ተብሎ የተሸኘ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት የት እንደሚሄድ እናውቃለን። ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻውም ያላወቀውን ውልቃት ያሻል።

ወይም ሳንቲም ዋጠ የተባለ ልጅ ይመጣል። ከፊት ስናነሳው ጉሮሮው ላይ ክብ ነገር አለ። ሳንቲም ነው ወይስ ከሪሞት ውስጥ የወጣ ክብ ባትሪ? ባትሪ ከሆነ ዙሪያው ላይ ድርብ ቀለበት ሊታይ ይችላል፤ ከጎን ሲነሳ ደግሞ ጠርዙ ደረጃ አለው። ሳንቲም ለጥ ያለ ነው። ይህንን መለየት ለነገ የሚባል አይደለም። የምግብ ቧንቧ ውስጥ የተሰነቀረ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛው ምስል እዚህ ትርፍ ወጪ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ልጁን አይቶ ይንገረኝ።

የጨረሩን መጠንም በቁጥር እንነጋገር። አንድ የደረት ራጅ ከጀርባ ሲነሳ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ሚሊሲቨርት የጨረር መለኪያ ነው። ሰው ራጅ ባይነሳም ከአፈሩ፣ ከአየሩ፣ ከሰማዩ ጨረር ይቀበላል፤ የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ስለዚህ አንድ የደረት ራጅ የጥቂት ቀን የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። የእጅና የእግር ራጅ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል፤ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ይህን ስል ጨረር ግድ የለም እያልኩ አይደለም። ያለምክንያት አንድም ምስል መነሳት የለበትም። የወገብና የሆድ ራጅ ከደረቱ በጣም ይበልጣል። ግን ውልቃትን ለማግኘት የሚነሳ ሁለተኛ አቅጣጫ ምክንያት አለው።

ስለ ገንዘቡ ጸሐፊው እውነት አላቸው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚታከመው ከኪሱ አውጥቶ ነው። እኔም የማምነው ይህን ነው፦ ባለሙያው አጣሞ ያነሳውን ምስል ሲደግም በሽተኛው መክፈል የለበትም። ሁለተኛ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረው።

ጉልበትን ሳልጠቅስ አላልፍም። አዛውንቶች ጉልበታቸውን አሟቸው ይመጣሉ። ተኝተው ከተነሱ በአጥንቶቹ መሐል ያለው ክፍተት ደህና ይመስላል። ቆመው ክብደታቸው ሲያርፍበት ግን ክፍተቱ ይጠፋል፤ አጥንት አጥንትን ነክቷል። ያው ጉልበት፣ ያው ቀን። ቁርጭምጭሚትም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ካልዞረ መገጣጠሚያው ዙሪያውን አይከፈትም።

የታመመ ሰው አይገላበጥ በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ከመኪና አደጋ የመጣ ሰው አንገቱ እስኪጣራ ድረስ ጭንቅላቱ አይነካም። ዳሌው ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው እግሩ በግድ ወደ ውስጥ አይዞርም። በሕመም የሚጮኽ ሰው መጀመሪያ ማስታገሻ ይሰጠው። ይህን የማያደርግ ክፍል ካለ ጸሐፊው የተቆጡት በትክክል ነው።

መፍትሔው ግን ባለበት ማንሳት ሳይሆን በሽተኛውን ትቶ ጨረሩን ማዞር ነው። ሰውየው በጀርባው እንደተኛ ጨረሩ የሚወጣበትን ቱቦ ዝቅ አድርገን ከጎኑ እናነሳዋለን። የአንገት አከርካሪ ከጎን ሲነሳ ሰባተኛው አጥንትና ከሱ በታች ያለው መገናኛ መታየት አለባቸው። ትከሻ ስለሚጋርዳቸው ጉዳት የሚደበቀው እዚያ ነው። ስድስተኛው ላይ የቆመ ምስል «አንገቱ ደህና ነው» አያሰኝም።

ተኝቶ መነሳት ራሱ የሚደብቀው በሽታም አለ። ሳንባ ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ሰው ሲቆም ውኃው ወደ ታች ይወርድና ጥጉን ሞልቶ ይታያል። ለዚያም ቢሆን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ መድረስ አለበት። ሲተኛ ግን ውኃው ከጀርባ ይነጠፍና ምስሉን በሙሉ ደብዘዝ ከማድረግ በቀር አይታወቅም። አንጀቱ ወይም ጨጓራው የተበሳ ሰው ደግሞ አየር ሆዱ ውስጥ ያመልጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተቀምጦ ከቆየ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ከድያፍራሙ ሥር እንደ ቀጭን ጥቁር ጨረቃ ይታያል። መቀመጥ ካልቻለ በግራ ጎኑ አስተኝተን ከጎን እናነሳዋለን። «አባባ፣ ትንሽ ደግፈን እናስቀምጥዎት» ስንል ማስቸገራችን አይደለም። ቀዶ ጥገና ክፍል መግባት አለመግባታቸው የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ ነው።

ስለ ሌድ አፕሮን የተባለው ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ጸሐፊው ላይ አልፈርድም። እኛም የተማርነው በሽተኛውን እንድንሸፍን ነበር። ግን ነገሩ ተለውጧል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 በሽተኛን በመራቢያ አካል መሸፈኛ መሸፈን እንደ ቋሚ ልማድ እንዲቀር ጠየቀ። የአገሪቱ የጨረር መከላከያ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ ምክር ሰጠ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 በጥርስ ራጅ ላይ አፕሮኑና የአንገት መሸፈኛው እንዲቀሩ መክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሚነሳው ቦታ ውጭ ወዳለ አካል የሚደርሰው ጨረር በአብዛኛው ከራሱ ከሰውየው ሥጋ ውስጥ ተበትኖ የሚመጣ ነው። ከላይ የተደረበ ሽፋን ያንን አያስቆመውም። ሽፋኑ ተንሸራቶ ዳሌውን ከጋረደ ምስሉ ይደገማል። መሣሪያው ጨረሩን በራሱ የሚመጥን ከሆነ ደግሞ ሽፋኑን ሲያገኝ ጨረሩን ይጨምራል። በሽተኛውን የሚጠብቀው የጨረሩን ሜዳ ማጥበብ ነው። እጅ ከታዘዘ እጅ ብቻ። ይህም የሚሆነው አካሉ በትክክል ሲቀመጥ ነው። ያልተስተካከለ አካል ላይ «ምናልባት ይስታል» ተብሎ ሜዳው ይሰፋል።

አፕሮኑን መልበስ ያለባት ልጇን የምትይዘው እናት ናት። እሷ ላይ ሲሆን ቀልድ የለም። እርጉዝ ከሆነችም ሌላ ሰው ይያዝ።

እንስሳቱ ላይ ስንደርስ ጽሑፉ በጣም ተሳስቷል። ቢሾፍቱ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ወዳጅ አለኝ፤ ስለ ሥራችን ስናወራ እንውላለን። ሁለታችንም የምንዋጋው ከአንድ ነገር ጋር ነው። የሱ በሽተኛ ግን «ትንፋሽህን ያዝ» ቢባል አይሰማም።

ባለቤቱ በእጁ ይያዘው የሚለው ምክር ደግ ይመስላል። ውሻው ጌታውን ያምናል፤ ይረጋጋል። ግን እጁ ያለው ጨረሩ ውስጥ ነው። የእጅ ጨረር ታሪክ ረጅም ነው። በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ የሚሠራ ክላረንስ ዳሊ የሚባል ሰው ነበር። የራጅ ቱቦዎችን የሚፈትነው የራሱን እጅ እያስገባ ነው። እጆቹ ቆሰሉ፣ ተቆረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። የዛሬ መሣሪያ ከዚያ ዘመኑ ጋር አይወዳደርም። ባለቤቱም የሚይዘው አንዴ ነው። ረዳቱ ግን በየቀኑ ይይዛል፣ ለዓመታት። የሌድ ጓንቱም ቢሆን የተሠራው ተበትኖ ለሚመጣ ጨረር ነው እንጂ ቀጥታ ለሚወርደው አይደለም። ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ እጁን ሜዳው ውስጥ የሚያስገባ ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ ይሸወዳል።

ማረጋጊያ መርፌ አደጋ የለውም አልልም። ልቡ የደከመ፣ ያረጀ ውሻ ላይ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ያስባል። ዝም ብሎ የሚተኛ ውሻም ብዙ ነው፤ በአሸዋ ከረጢት፣ በስፖንጅና በለስላሳ ማሰሪያ ብቻ ይነሳል። የሚታገልን እንስሳ በጉልበት ይዞ ደጋግሞ ማንሳት ግን ለእንስሳውም ለሰዉም የከፋ ነው። የግድ መያዝ ካለበት የሚይዘው ሰው አፕሮንና ጓንት ያድርግ፣ እጁ ከሜዳው ውጭ ይሁን፣ እርጉዝ ወይም ከ18 ዓመት በታች አይሁን፣ ሁልጊዜም ያው አንድ ሰው አይሁን።

አንድ ምስል ይበቃል የሚለውስ ለውሻ ይሠራል? ያልመከነች ሴት ውሻ ጡቷ ላይ ዕጢ ይወጣባታል፤ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዕጢው ወደ ሳንባ ተዛምቶ እንደሆነ ይታያል። በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ከታች የዋለው ቀኙ ሳንባ ይጨፈለቃል፣ አየሩን ያጣል። እዚያ ያለ ትንሽ ዕጢ ዙሪያው አየር ስለሌለ አይታይም። በግራ ስትገለበጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሦስት ምስል ይነሳል፤ በቀኝ፣ በግራ፣ አንድ ደግሞ በሆዷ ወይም በጀርባዋ። የፊት እግሮቿ ወደ ፊት ይሳባሉ፣ ጡንቻቸው ሳንባውን እንዳይጋርደው። ባለሙያው ትንፋሿን በዓይኑ ይከተላል፤ ሳንባዋ ሲሞላ ነው የሚያነሳው።

ሆዱ ድንገት የተነፋ ትልቅ ውሻ ላይ ደግሞ ጎኑ ራሱ ወሳኝ ነው። ጨጓራው ተገልብጦ ከሆነ ካልተደረሰለት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በቀኝ ጎኑ ሲተኛ የጨጓራው መውጫ በኩል ያለው ክፍል አየር ሞልቶ ወደ ላይና ወደ ፊት ይወጣል፤ መሐሉ በእጥፋት ተከፍሎ ሁለት አረፋ ይመስላል። በግራ ጎኑ ከተነሳ ግን ተራ የጋዝ መነፋት ሊመስል ይችላል። ባለበት ይነሳ ብንል ውሻው በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ዕድል ይወስናል ማለት ነው።

ለመራቢያ የሚፈለጉ ትልልቅ ውሾች ዳሌም አለ። የአሜሪካው የእንስሳት አጥንት ተቋም ኦኤፍኤ ስለ ዳሌ ጤንነት ቋሚ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከ24 ወር ዕድሜ በኋላ ነው። ውሻው በጀርባው ተኝቶ የኋላ እግሮቹ ተዘርግተው እኩል መሆን አለባቸው፤ የጉልበት ሎሚዎቹም ወደ ላይ። ዳሌው ትንሽ ካዘነበለ አንዱ መገጣጠሚያ የጠበቀ፣ ሌላው የላላ ይመስላል። ጤነኛ ውሻ ይጣላል፤ በሽታ ያለበት ይራባል።

በጀርባ ማስተኛት ራሱ የሚገድልበት ጊዜም አለ፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊው ስጋት ቦታ እሰጣለሁ። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት በጀርባዋ አትገለበጥም። ኦክስጅን ይሰጣታል፣ ትረጋጋለች፣ ከዚያ በሆዷ እንደተኛች አንድ ምስል ይነሳል። ሌላው ይቆይ።

ፈረስ ቆሞ ነው የሚነሳው። የጋሪ ፈረስ አንካሳ ሆነና ወዳጄ ጋ መጣ እንበል። ባለቤቱ የዕለት ጉርሱ ከዚህ ፈረስ ነው፤ ቶሎ ይነሳልኝ ይላል። ወዳጄ መጀመሪያ የሚያዘው ውኃና ብሩሽ ነው። ጭቃና ጠጠር ራጅ ላይ አጥንት ላይ ያለ ነገር ይመስላልና ኮቴው ይታጠባል። ከኮቴው ሥር ያሉት ጎድጓዳ ስንጥቆች አየር ስለሚይዙ አጥንቱ ላይ ጥቁር መስመር ይጥላሉ፤ ስብራት ነው ብሎ የሚደነግጥ አለ። ከፊት ሲነሳ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ነገር ይሞላሉ። ከዚያ ሁለቱም የፊት እግሮች እኩል ቁመት ባላቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች ላይ ይቆማሉ። የራጅ ቱቦው መሬት ድረስ መውረድ ስለማይችል እግሩ ወደ ጨረሩ ከፍ ይላል። አንዱ ብቻ ከፍ ካለ ደግሞ ክብደቱ ይዛባል። የኮቴ ውስጥ ቁጣ፣ ላሚናይትስ የሚሉት፣ የያዘው ፈረስ ላይ ሐኪሙ የሚለካው አጥንቱ ከኮቴው ግድግዳ ምን ያህል እንደዞረ ነው። እግሩ ለጨረሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ልኬቱ ውሸት ነው። ኮቴ የሚያስተካክለው ሰውም በዚያ ውሸት ይቆርጣል። ካሴቱን፣ ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ፣ ማንም በእጁ አይይዝም፤ ረጅም እጀታ ያለው መያዣ አለው። ፈረሱ የሚደነግጥ ከሆነ ዛይላዚን ዓይነት ማረጋጊያ ጥቂት ይወጋል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፀጥ ይላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተካዋል ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም። መሣሪያው ጠቃሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ በደረት ራጅ ሲደረግ የኮምፒውተር ንባብን ተቀብሏል። ቲቢ ለበዛበት አገራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ኮምፒውተርም የሚያነበው የሰጠነውን ጥላ ነው። የሹሩባ ጥላ ሲሰጠው የጥርጣሬ ቁጥር ያወጣለታል እንጂ «ልጅቷ ፀጉሯን ከፍ ታድርግ» አይልም።

የቀረው የመጨረሻው ምክር ነው፤ እምቢ በሉ የተባለው። እምቢ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። «ይሄ ሌላ አቅጣጫ ነው ወይስ ድጋሚ?» በሉ። ድጋሚ ከሆነ ምኑ እንደተበላሸ ባለሙያው ሊነግራችሁ ይገባል። ሌላ አቅጣጫ ከሆነ ምን እንደሚፈለግ ይንገራችሁ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ቀድማ ትናገር። የሚያማችሁን ቦታ በአንድ ጣት ጠቁማችሁ አሳዩ፤ ጨረሩን የምናነጣጥረው እዚያ ነው። ውሻ ወይም ድመት የምታመጡ ደግሞ ማረጋጊያ ሊያስፈልግ ስለሚችል ከመቼ ጀምሮ ምግብ እንደምትከለክሉ ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የበፊት ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያኔ ቆማችሁ ከተነሳችሁ አሁንም እናቆማችኋለን። አለዚያ የተለወጠው በሽታው ይሁን አቋማችሁ ሐኪሙ ሊለየው አይችልም።